የውሻ ስኳር በጾመኛ ቤት

ብቸና ውስጥ ውሻ የሚበላው የቤቱ ሰው ሲበላ ነው። ለብቻው የሚሠራለት ምግብ የለም። ከመሶብ የተረፈ እንጀራ፣ የድስት ጥራጊ፣ በዓል ሲሆን አጥንት ይደርሰዋል። ስለዚህ ቤቱ ሲጾም ውሻውም አብሮ ይጾማል። በዐቢይ ጾም የቤቱ ሰው እስከ 9 ሰዓት እህል ካልቀመሰ ውሻውም አይቀምስም፤ ቅዳሴው በሚረዝምበት ቀን ከዚያም ይዘገያል። ጤነኛ ውሻ ይህን ይችለዋል፤ የአገራችን ውሻ ሲኖር የኖረውም እንዲሁ ነው። የስኳር በሽታ ያለበት፣ ጠዋት ኢንሱሊን የተወጋ ውሻ ግን አይችለውም። ተወግቶ ባዶ ሆዱን ከዋለ ቀትር ሳይደርስ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው፤ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት ደግሞ በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ነው። በዚህ የጤፍ አገር የከብት ሐኪም ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በሬው ነው፤ ከዚያ በጉ፣ አህያው፣ በቅሎው ይከተላሉ። ውሻ ወደ እኛ የሚመጣው ወይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊከተብ፣ ወይ ሰው ነክሶ ነው። ድመት ጭራሽ አትመጣም ማለት ይቻላል። በ1979 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስንማርም የውሻና የድመት ስኳር በጥቂት ገጽ የሚያልፍ ርዕስ ነበር። በሽታው ግን እኛ ዘንድም አለ። በሌሎች አገሮች ከ100 እስከ 500 ከሚሆኑ ውሾች አንዱን እንደሚይዝ ይነገራል። እኛ አገር ስሙ ሳይታወቅ «ከሳ፣ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል።

ቡሌ ስሟን ከቀለሟ ያገኘች የአገር ውሻ ናት። ባለቤቷ ብቸና ከተማ ዳር የሚኖሩ እናት ናቸው። ያመጧት የሆድ ትል ይዟታል ብለው ነበር።

«ትበላለች፣ ትበላለች፣ ሥጋ አይሆናትም። አጥንቷ ገጥጦ ወጣ እኮ። የትል መድኃኒት ስጪኝ ልጄ።»

«ውሃስ እንዴት ነው እማማ?»

«ውሃማ የጥጆቹን ገንዳ ጨርሳ ነው የምትተኛው! ሌሊት ሽንቷን መያዝ አቅቷት ደጃፉን አበላሸችብኝ። ጉንዳን ወረረኝ።»

እኒህ እናት በአንድ ትንፋሽ የተናገሩት የበሽታው ሙሉ ምልክት ነው። ብዙ መጠጣት፣ ብዙ መሽናት፣ ብዙ መብላት፣ ከዚህ ሁሉ ጋር መክሳት። ትል ያለበት ውሻም በልቶ ሊከሳ ይችላል፤ ገንዳ ሙሉ ውሃ ግን አይጨርስም። የመጀመሪያው መለያ ውሃው ነው። ጉንዳኑ ደግሞ የመጣው ለስኳሩ ነው። ከሆድ በላይኛው ክፍል ተሸሽጎ የሚገኘው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቆም የተበላው ምግብ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ጡንቻውና ጉበቱ ግን ሊጠቀሙበት አይችሉም። በውሻ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በዴሲ ሊትር ከ180 እስከ 220 ሚሊግራም ሲያልፍ ኩላሊት መልሶ መያዝ ያቅተውና ወደ ሽንት ይለቀዋል። ስኳሩ ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል፤ ጥሙ ከዚህ ይመጣል። ገላው ደግሞ ምግብ መሐል እየተራበ የራሱን ስብና ጡንቻ ይበላል።

ከጆሮዋ ጠርዝ በቀጭን መርፌ ጠብታ ደም ወሰድሁና በሰው የስኳር መለኪያ ለካሁት። 430 አለ። ጤነኛ ውሻ ከ80 እስከ 120 አካባቢ ነው። የሰው መለኪያ የውሻንና የድመትን ስኳር ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ስለዚህ 430 ካለ በእርግጥ ከፍ ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ በደም ብቻ አልፈርድም። የሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ነከርሁ፤ ስኳሩን አሳየ፤ ኬቶን ግን አልነበረም። ኬቶን ቢኖር፣ ከዚያም ላይ ማስታወክና ምግብ መተው ቢጨመር፣ ነገሩ የቀናት ሳይሆን የሰዓታት ጉዳይ ይሆን ነበር፤ ግሉኮስና ጨው እየለኩ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠትን ይጠይቃል።

ቡሌ ያልመከነች፣ ዕድሜዋ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነ፣ ወንድ ፈልጋ ካበቃች ሁለት ወር ያልሞላት እንስት ነበረች። ይህ ድንገተኛ መገጣጠም አይደለም። ሴት ውሻ ከዚያ ወቅት በኋላ፣ ብታረግዝም ባታረግዝም፣ ለሁለት ወር ያህል ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በገላዋ ከፍ ብሎ ይቆያል። ያ ሆርሞን የጡቷን ሕዋሳት የእድገት ሆርሞን እንዲያመነጩ ያደርጋል፤ የእድገት ሆርሞን ደግሞ የኢንሱሊንን ሥራ ይከላከላል። ቆሽቷ ቀድሞ የደከመ ውሻ በዚህ ወቅት ትወድቃለች። ውሻ ማምከን በማይታወቅበት አገራችን ታማሚ ሆነው የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ቢሆኑ አይገርምም። ማህፀኗንና እንቁላል ማምረቻዋን ቶሎ ማውጣት በአንዳንዶቹ ላይ በሽታውን እስከ መመለስ ይደርሳል። ካልመለሰውም፣ ሳትመክን ብትቀር በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ከሚያጋጥመው የመድኃኒት መጠን መምታታት ያድናታል። ቡሌን አመከንናት። ስኳሯን የለካሁት ከሰመመኑ በፊት ነው፤ እኛ ዘንድ የተለመደው ማደንዘዣ ዛይላዚን ራሱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋልና። ባልደረቦቼ ይህን ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። ለእከክም ለእብጠትም በቀላሉ የምንወጋው ዴክሳሜታዞንም እንዲሁ ነው፤ ለስኳር ውሻ አይሰጥም።

ስለዚህ በሽታ ሰው ከሚያውቀው ብዙውን ያስተማረው ውሻ ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ ኦስካር ሚንኮቭስኪና ጆሴፍ ፎን ሜሪንግ የአንድ ውሻ ቆሽት አወጡ። ውሻው ውሃ አልጠግብ አለ፣ ሽንቱ በዛ፣ ሽንቱ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። የስኳር በሽታ መነሻ ቆሽት መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ያወጡትን ጭማቂ ቆሽታቸው ለወጣ ውሾች ወጉ፤ ማርጆሪ የተባለችው ውሻ ያለ ቆሽት ሰባ ቀን ያህል ኖረች። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን በዚያው መድኃኒት ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ብቸና ሆስፒታል ለክትትል የሚመጣው የስኳር ሕመምተኛ ዛሬ በሕይወት ያለው በእነዚያ ውሾች ምክንያት ነው። አንድ ሰው «ለውሻ ኢንሱሊን ምን ሲደረግ!» ሲለኝ ይህን እነግረዋለሁ።

ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ በደንብ መመለስም አለበት። በእኛ ክልል ኢንሱሊን የሰው ጭንቅ ነው። በጎንደር ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር ሕሙማንን ክትትል ከሆስፒታሉ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ ብዙ ደክመዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናትም ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ በድህነት ያደጉ ወጣቶች መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲከፈት ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህንኑ ዓይነት 5 ብሎ የተቀበለው በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ይህ ሁሉ ባለበት አገር ለሕሙማን የመጣ ጠርሙስ ወደ ውሻ መሄድ የለበትም። የቡሌ ባለቤት ወንድም ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸውን የሚወስዱት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። እናቲቱ ከዚያ ጠርሙስ ትንሽ ለቡሌ ቢቀዱ ምን እንዳለበት ጠየቁኝ። አልፈቀድሁም። ለውሻ የሚሆነው ከግል መድኃኒት ቤት በገንዘብ የተገዛ፣ የራሷ ጠርሙስ፣ የራሷ መርፌ ነው። በከተማው እጥረት ባለበት ሳምንት የሰው ይቀድማል፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

የሚገዛው ደመናማው፣ ኤን ፒ ኤች የሚባለው ኢንሱሊን ነው። በውሻ ገላ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይሠራል፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጋል። መነሻው በኪሎ ከሩብ እስከ ግማሽ ዩኒት ነው። ቡሌ 18 ኪሎ ነበረች፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብለን በ4 ዩኒት ጀምረን፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየለካን፣ ቀስ ብለን 7 ላይ ደረስን። ባለቤት በራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። አንድ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ነው፣ 1,000 ዩኒት ይይዛል። ለቡሌ በቀን 14 ዩኒት ከሄደ ከሁለት ወር በላይ በበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከተከፈተ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ መጣል ስላለበት ግማሽ ያህሉ ሳይሠራበት ይቀራል። ወጪውን ሳሰላላቸው ይህን አልደበቅኋቸውም።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የእንስሳት ኢንሱሊን ገዝቶ የላከላቸው ቤቶች አጋጥመውኛል። የአሳማ ኢንሱሊን ነው፤ አወቃቀሩ ከውሻ ኢንሱሊን ጋር አንድ ስለሆነ ለውሻ እጅግ ይስማማል። አደጋው መርፌው ላይ ነው። ያ ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ሲይዝ የእኛ የሰው ኢንሱሊን 100 ይይዛል፤ መርፌዎቻቸውም ለየራሳቸው የተሠሩ ናቸው። ባለ 40ውን መርፌ ይዞ ከባለ 100 ጠርሙስ የቀዳ ሰው ከሚገባው ሁለት እጥፍ ተኩል ይወጋል። እንስሳውን ለመግደል ይበቃል። ጠርሙሱ ላይና መርፌው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ካልሆነ አይነካ።

ስለ ማቀዝቀዣ ብዙ ሰው ይጨነቃል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቦታ ይቀመጣል፤ የከተማው ቤት ማቀዝቀዣ ባይኖረው ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት አይጠፋም። የተከፈተው ግን በሸክላ ይያዛል። ትንሿን ሸክላ ትልቁ ውስጥ አድርጎ መሐሉን በአሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ውሃ እያጠጡ በጥላ ማስቀመጥ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ስለሚሉ ለዚህ ይመቻሉ። ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርዱት የሸበል በረንታ ቆላዎች እንኳ ተስፋ አለ፤ በኬንያ የዳጋሃሌ ስደተኞች መጠለያ ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሙቀቱ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየተለዋወጠ ኢንሱሊን 4 ሳምንት ጉልበቱን ጠብቆ ቆይቷል። የሚያበላሸው ፀሐይ፣ የእሳት ዳርና በረዶ መሆን ነው። ጠርሙሱ በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም።

መውጋቱ ከሁሉ ይቀላል። የሚወጋት የባለቤቷ የልጅ ልጅ ነው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ቡሌ ምግቧን ጨርሳ ዕቃውን ስትልስ ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ብድግ ያደርጋል፣ መርፌውን ከሥሩ አግድም ያስገባል፣ ይገፋል፣ ያወጣል። ቀና እንኳ አትልም። ቦታውን በየቀኑ ይቀያይራል፤ ያገለገለውን መርፌ ከነክዳኑ ወፍራም ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይከታል፤ ሲሞላ ክሊኒክ ያመጣልናል። ደጅ የተጣለ መርፌ የሕፃን እግር ይወጋልና በዚህ ጥብቅ ነኝ።

ከባዱ ምግቡ ነው። ኢንሱሊን ሰዓት ይፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብሎ መያዝ ይቀላል፤ በሁለቱም ሰዓት እኩል ምግብ፣ ተመሳሳይ ምግብ፣ ከምግቡ ጋር መርፌ። አንድ ምዕመን ደግሞ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ፣ 55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ ልጅ አዋቂው የሚይዘው 15ቱ የፍልሰታ ቀን አለ። በእነዚህ ቀናት ሁሉ የመሶቡ ሰዓት ይለወጣል፤ ከመሶቡ የሚተርፈውም ይለወጣል። ስለዚህ ለባለቤቲቱ ያልኋቸው አንድ ነገር ነው፦ ቡሌ ከመሶቡ ትለይ። የራሷ ድስት ይኑራት።

እናቲቱ ዝም ብለው ቆዩና «በነነዌ እንስሳው ሳይቀር ጾሟል እኮ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በትንቢተ ዮናስ ተጽፏል። ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታቸው መልስ ይሻል ነበርና እሳቸውን እንዲጠይቁ ነገርኋቸው። አባ ያሉት «ለታመመ ሰው እንኳ ጾም ይነሣለታል፤ የታመመች እንስሳ ማብላት ምጽዋት ነው፤ በጊዜዋ አብሊያት» ነው። ከዚያ በኋላ ችግር የሆነው ሥጋው ብቻ ነበር። በሁዳዴ ሥጋ የነካ ድስት ከቤታቸው እንዲገባ አይወዱም፤ እኔም አላስገድዳቸውም። ውጭ፣ ከከብቶቹ በረት አጠገብ፣ አሮጌ ሸክላ ተጎለተላት። በፍስክ ወራት ከሥጋ ቤት የሚገዛ ሳንባ በደንብ ተቀቅሎ ይቆረጣል፤ በጾም ወራት ምስር ወይም የባቄላ ክክ ይቀቀላል። ሥጋ ቤቱ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ ከመጣል ቢቆጠብ ለሁላችንም ይበጃል፤ በዚያ መንገድ ውሻ የሚይዘው ትል ወደ ሰው ተላልፎ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል። ጓያ ለሰው እግር እንኳ የማይራራ እህል ነውና ከድስቷ እንዲገባ አልፈልግም።

የተቀቀለው ሳንባ ወይም ክክ ከወጥ ጋር ካልተገናኘ ደረቅ እንጀራ፣ ከፉርሽካና ከተቀቀለ ጎመን ጋር ይደባለቃል። ፉርሽካውና ጎመኑ ስኳሩ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ ያዘገያሉ። ወጡን የከለከልሁት ለበርበሬው ብቻ አይደለም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ የአማራ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። መጠኑ በአንድ ቆርቆሮ ይለካል፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ጎረቤት ቁራሽ እንዳይጥልላት ልጁ ለሰፈሩ ተናግሯል።

ፋሲካ ከጾሙ የባሰ ነው። ሁለት ወር ያህል ቅባት ያልቀመሰ ግቢ በአንድ ሌሊት በጮማና በአጥንት ይጥለቀለቃል። ብዙ ጮማ በድንገት የበላ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ ማስታወክ፣ ጀርባን አጉብጦ መቆም፣ ምግብ መተው ይከተላሉ፤ የቆሽት መቆጣት ደግሞ ለስኳር በሽታው ራሱ አንዱ መነሻ ነው። የቡሌ ቤተሰብ ዶሮውና በጉ በሚታረድባት ሌሊት ያስሯታል። ሌላ ቀን የማይታሰር ዘበኛ ውሻ ማሰር ያሳዝናል፤ ግን አስሩ እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠበቅ ደንብ አለ። መጀመሪያ ትብላ፣ መብላቷን እዩ፣ ከዚያ ውጉ። ከምግቧ ግማሹን ትታ ከሄደች ሙሉውን መጠን አትውጉ፤ ጭራሽ ካልቀመሰች አንዱን መርፌ ዝለሉና ደውሉልን። አንድ መርፌ መቅረቱ ለአንድ ቀን ስኳሯን ከፍ ያደርገው ይሆናል እንጂ አይገድላትም። ባዶ ሆድ ላይ የተወጋው ግን ይገድላል። «ወግቻታለሁ መሰለኝ» ብሎ ደግሞ መውጋትም እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ሲባል ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ልጁ በወጋ ቁጥር ያሰምርበታል።

ስኳሯ ከወረደ ምልክቱ ግልጽ ነው። መድከም፣ መንገዳገድ፣ ዓይን መፍጠጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ መንፈራገጥ። በዚህ ጊዜ ሐኪም ፍለጋ መሮጥ ሁለተኛ ነው። ጎጃም ማር የማይጠፋበት አገር ነው፤ አንድ ማንኪያ ማር ወይም ወፍራም የስኳር ብጥብጥ ድዷና የከንፈሯ ውስጥ ይቀባ። ጉሮሮዋ ውስጥ አታፍስሱ፣ ሳንባ ይገባል፤ ጣታችሁንም ከጥርሷ መሐል አታስገቡ። ስትነቃ ምግብ ስጧት፣ ከዚያ ወደ ክሊኒክ ይዛችሁ ኑ፤ በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ አለን።

የቡሌ ዓይን ግን አልተረፈም። ስኳር ያለባቸው ውሾች አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ የዓይን ሞራ ይወጣባቸዋል፤ ሕክምናው ደኅና እየሄደም ይወጣል። ለእናቲቱ አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ ቢሆንም ነጭ ሆኖ ሲያዩት አለቀሱ። አሁን ቡሌ በማሽተትና በመስማት ትሠራለች። የግቢውን ዕቃ ቦታ አይቀያይሩባትም፤ በሩ ላይ እንግዳ ሲቆም ከሁሉ ቀድማ የምትጮኸው እሷ ናት። ክብደቷ ተመልሷል፣ የጥጆቹ ገንዳም ለጥጆቹ ቀርቷል።

ድመት ሌላ ታሪክ ነው፤ ተስፋውም ይበልጣል። ሞጣ ከአንድ ጤፍ ነጋዴ መጋዘን የመጣው ውሮ ከስድስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ወንድ ነበር። ደንበኛ ሁሉ ዳቦና ብስኩት እየጣለለት፣ አይጥ ማሳደዱን ትቶ ሚዛኑ ላይ ተኝቶ ይውላል። ያመጡት የኋላ እግሩ ተሰብሯል ብለው ነበር። አልተሰበረም። እንደ ወትሮው በጣቱ ሳይሆን በቁርጭምጭሚቱ መሬት እየነካ ይራመዳል፤ ስኳር የድመትን የእግር ነርቭ ሲጎዳ እንዲህ ያስኬዳል። ድመትን መመርመር ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በጆንያ ታስሮ የመጣ የተቆጣ ድመት ጤነኛም ቢሆን ስኳሩ ይወጣል። ስለዚህ ቤቱ ሳለ የተወሰደ ሽንት ማየት ይሻላል።

የድመት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በጎልማሳ ሰዎች ላይ ከሚታየው፣ ከውፍረት ጋር ከሚመጣው ዓይነት ጋር ይቀራረባል። ቆሽቱ ጨርሶ አልሞተም፤ ደክሟል። ቶሎ ተደርሶበት፣ በ1 ዩኒት አካባቢ ኢንሱሊን ተጀምሮ፣ ዳቦውና ብስኩቱ ቀርቶ ሥጋ ብቻ ሲበላ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ መርፌ የሚተው ድመት ብዙ ነው። ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ስለሆነ የሚያድነው እህል ያነሰበት ምግብ ነው፤ አይጥ ራሷ ለዚህ የተመቸች ምግብ ናት፣ መጋዘኑ ውስጥ የአይጥ መርዝ ካልተረጨ። ይህንንም ማለት ያለብኝ በጾም ወራት ድመት ምስር እንድትበላ የሚያስገድዱ ቤቶች ስላሉ ነው። ውሻ በክክ ይከርማል፤ ድመት አትችልም። ለጾመኛው ቤት የተቀቀለ ሳንባ ከውጭ ይቅረብላት። ውሮ መርፌውን ትቷል፤ ነጋዴው በወር አንድ ቀን ሽንቱን ያስመረምረዋል፤ በሽታው ሊመለስ ይችላልና።

በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት አለ ወይ ለሚሉኝ፦ ለውሻ የለም። ሰው የሚውጣቸው ግሊበንክላሚድና ሜትፎርሚን ኢንሱሊን ለሌለው የውሻ ገላ ፋይዳ የላቸውም። ለድመት በአሜሪካ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የጸደቁ አዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱም ለሁሉም ድመት አይሆኑም፣ ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ለወሰደች ድመት አይሰጡም። አብሽና ሽፈራው አፍልተው የሚያጠጡም አሉ። ውሻው ከኢንሱሊኑ ጋር ቢጠጣው አልጣላም፤ ኢንሱሊኑን ትቶ ከሆነ ግን ውሻው ይሞታል።

ሁሉም ቤት ይህን ሊይዝ አይችልም። ጠዋትና ማታ የሚገኝ ሰው የሌለበት፣ ገንዘቡ ከልጆች አፍ የሚነጠቅበት ቤት አለ። ለእነሱ የምለው ያለ እፍረት ይንገሩን ነው። ሳይታከም እየተጠማ፣ እየከሳ፣ በመጨረሻ እያስታወከ ከሚሞት፣ ወይም በመርዝ ከሚወገድ፣ በእኛ እጅ በሰመመን እንዲያንቀላፋ ማድረግ ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ጦርነት መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት ቤቶች ባዶ ይሆናሉ፤ ሕክምና የጀመረ ቤት ሁልጊዜ አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ በተጠባባቂነት ይያዝ። እሱም ከጠፋ ምግቡን ማሳነስና ውሃ አለመከልከል ለጥቂት ቀን ያቆያል እንጂ አያክምም።

ውሻችሁ ወይም ድመታችሁ ያለ ወትሮው ውሃ ካበዛ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ የመጀመሪያ ሽንቱን በታጠበ ጭልፋ ተቀብላችሁ በንጹሕ ብልቃጥ ወደ እንስሳት ክሊኒክ አምጡ። ድመት ከሆነች አፈሯን አንሥታችሁ ባዶ ሳፋ አስቀምጡላት። ሽንቱ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የስኳር ወይም የመድኃኒት ጠርሙስ በነበረ ዕቃ አታድርጉት፣ ስትሪፑን ያሳስታል። ውሻው የእብድ ውሻ ክትባት የተከተበበት ወረቀት ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ከሌለ ደም ከመውሰዳችን በፊት እንከትበዋለን።